ጥቆማ፦ አሮጌ ዴስክቶፕ ደብረ ብርሃን ላይ ማን ጋ ይሠራል? (ዊንዶውስ 7 ለምትጠቀሙ)

በውስጥ መስመር ለጠየቃችሁኝ ሁሉ አንዴ እዚህ ልመልስ። ጠባሴ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። የምሠራበት ዴስክቶፕ ዊንዶውስ 7 ነው፣ ራሙ (ለጊዜው የሚሠራበት ሚሞሪ) 2 ጊጋ። «ምነው አትቀይረውም?» የምትሉኝ አላችሁ። የደንበኞቼ የዓመታት ውልና ማመልከቻ በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ነው፤ ያ ፎንት በሌለበት ማሽን ስከፍተው «ውል ሰጪ» የሚለው የፈረንጅ ፊደልና የነጥብ ጥርቅም ሆኖ ቁጭ ይላል። ስለዚህ እስኪሞት አብረን ነን።

መጀመሪያ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ባለፈው ክረምት መብራት ጠፍቶ ባደረ ቁጥር ጠዋት ስከፍተው ቀኑን ጃንዋሪ 2009 ይለዋል። ክሮም አንድም ገጽ አልከፍት አለ። ሲፒዩውን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ በባጃጅ አንድ ቤት ወሰድኩት። ልጁ ገና ሳያበራው «ዊንዶው ተበላሽቷል፣ ፎርማት ነው» አለኝ። 300 ብር ከፈልኩ፤ ዴስክቶፑ ላይ የነበረው ፎርም ሁሉ ሄደ። በሁለተኛው ቀን መብራት ጠፋ፣ ጠዋት ከፈትኩት፣ ጃንዋሪ 2009!

ለካ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው የሰዓት ባትሪ ነበረች። ሲአር 2032 ትባላለች፣ እንደ ሳንቲም ክብ፣ ባለ 3 ቮልት። እሷ ስትደክም ኮምፒውተሩ መብራት ሲያጣ ቀኑን ይረሳል፤ ቀኑ ወደ ኋላ ከሄደ ደግሞ ብሮውዘሩ የድረ ገጾቹን የደኅንነት ሰርተፍኬት አላምንም ይላል። የእጅ ሰዓት ከሚጠግኑ ሰውዬ ገዝቼ፣ ገመዱን ከሶኬት ነቅዬ፣ በጥፍሬ አውጥቼ ቀየርኳት። አምስት ደቂቃ።

አሁን ወደ ጥቆማው። ሶፍትዌር የሚጭኑት ሱቆች ፈጣን ናቸው፣ ጠዋት ሰጥታችሁ ከሰዓት ትወስዳላችሁ፤ ግን ለሁሉም በሽታ መድኃኒታቸው ፎርማት ነው። ፋይላችሁን በፍላሽ ወይም በኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ገልብጣችሁ ከሆነ ብቻ ውሰዱ። «ሲ ላይ (ዊንዶውሱ ያለበት ድራይቭ ላይ) ምን አለህ?» ብሎ ሳይጠይቅ ፎርማት የሚጀምር ሰው ካያችሁ ሲፒዩአችሁን አንሱና ውጡ።

ለሶፍትዌር ነገር እኔ የምመርጠው የዩኒቨርሲቲውን የኮምፒውተር ተማሪዎች ነው። ቤት ድረስ ይመጣሉ፣ የጠፋ የፕሪንተር ድራይቨር እስኪያገኙ ቁጭ ይላሉ። ጉዳታቸው ፈተና ሲደርስ ስልክ አለማንሳታቸው ነው፤ ክረምት ላይ ደግሞ አገራቸው ይገባሉ።

ጭራሽ አልበራ ካለ ግን ቴሌቪዥንና ሬዲዮ የሚጠግኑ አባት ፈልጉ። የእኔ ፓወር ሰፕላይ (መብራቱን ተቀብሎ ለውስጥ ዕቃዎቹ የሚያከፋፍለው ሳጥን) መብራት ሄድ መጣ ሲል ተቃጥሎ ሁሉም «አዲስ ግዛ» ሲሉኝ፣ አንድ ጋሼ ከፍተው ያበጠውን ካፓሲተር አሳዩኝ፤ አናቱ እንደ ተነፋ ቂጣ ቆብ ሠርቷል። ነቅለው ሌላ በየዱለት፣ ይኸው እስከ ዛሬ ይሠራል። እናንተ ራሳችሁ ግን ፓወር ሰፕላዩን እንዳትከፍቱት፣ ከተነቀለም በኋላ ውስጡ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል። አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ወርዶ ማሠራት ለእኔ አይዋጥልኝም፤ ዕቃ ለመግዛት ከሆነ እሺ።

በራሳችሁ የምትሠሩትም ብዙ ነው። በርቶ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ «ቲት ቲት» ካለ፣ ራሙን ነቅላችሁ ወርቃማ ጥርሱን በላጲስ ፈትጉት፣ ፍርፋሪውን እፍ ብላችሁ መልሱ። የደብረ ብርሃን አቧራ የማያደርገው የለም፤ ግማሹ ይህ ብቻ ይበቃዋል። ከዘገየ የዊንዶውስ ቁልፍና አርን አንድ ላይ ተጫኑ፣ «ኤምኤስኮንፊግ» ብላችሁ ጻፉና ስታርታፕ የሚለው ውስጥ ከአንቲቫይረሱ በቀር የማታውቁትን ምልክቱን አንሱ።

ቀጥሎ ጌጡን ቀንሱ። ኮምፒውተር የሚለው ላይ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ አድቫንስድ ሲስተም ሴቲንግስ፣ ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ «ቤስት ፐርፎርማንስ» የሚለውን ምረጡ። ግን እዚያው ዝርዝር ላይ የፎንቱን ጠርዝ የሚያለሰልሰውን «ስሙዝ ኤጅስ» መልሳችሁ ምልክት አድርጉበት። እኔ መጀመሪያ ዘንግቼው በትንሽ ፊደል «ጨ» እና «ጩ» አልለይ ብሎኝ ሁለት ቀን ዓይኔን ጨርሻለሁ።

ፍላሽ ስትሰኩ ፎልደሮቹ ሾርትከት ሆነው ከታዩ አትደንግጡ፣ ፋይሉ አልጠፋም፣ ቫይረሱ ደብቆት ነው። ሾርትከቱን አትክፈቱ። ፎልደር ኦፕሽንስ ውስጥ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርጉ፣ «ፕሮቴክትድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፋይልስ» ከሚለውም ምልክቱን አንሱ፣ ፋይሉ ይወጣል። እሱን ገልብጣችሁ ፍላሹን ፎርማት አድርጉት። እዚህ ላይ ፎርማት ሐቅ ነው።

ገንዘብ ካላችሁ ከሁሉ በፊት ኤስኤስዲ (በሃርድ ዲስኩ ፈንታ የሚገባ ፈጣን ማከማቻ) ግዙ። ከራም በላይ ለውጡ የሚታየው እሱ ላይ ነው፤ የእኔ ሲነሳ ቡና አፍልቼ እመለስ ነበር፣ አሁን ወንበሬን ሳልስብ ይከፈታል። ራም ለመጨመር ከሆነ አሮጌውን ነቅላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ዲዲአር 2 ዲዲአር 3 ላይ አይገባም። ሲስተሙ 32 ቢት ከሆነ ደግሞ ከ4 ጊጋ በላይ መግዛት ብር መጣል ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 ነፃ የደኅንነት አፕዴት መስጠት የተወው ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ክሮምም በዚህ ሲስተም ላይ 109ኛው እትም ላይ ቆሟል። ስለዚህ የባንክ ነገር በዚህ ማሽን አልነካም፣ ለጽሕፈትና ለፕሪንት ብቻ ነው።

ጭማሪ፦ ከሸዋ ሮቢት «ከሰዓት በኋላ ራሱ ይጠፋል» ያልከኝ ወንድሜ፣ የእናንተ ቆላ ከእኛ ብርድ ጋር አንድ አይደለም። ጎኑን ክፈትና ፋኑን በጣትህ ይዘህ በቀለም ብሩሽ አቧራውን አራግፍ፤ ካልተሻለው የፕሮሰሰሩ ፔስት (ሙቀቱን የሚያስተላልፈው ቅባት) ደርቆ ይሆናል፣ ይቀየርለት።

«ሊነክስ ሚንት (በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ነፃ ሲስተም) ጫንበት» ላላችሁኝ፦ ለኢንተርኔት ለምትጠቀሙ ጥሩ ነው፣ አፕዴት ያገኛል፣ የአማርኛ ኪቦርድም አለው። ልጆቼ የሚጠቀሙበት ሁለተኛው ማሽን ላይ አንድ ተማሪ ጭኖልኝ ደህና ይሠራል። የሱቁ ግን ፓወር ግዕዝ ስላለበት እንዳለ ይቆያል።

መሐል ሜዳ ላይ ያላችሁ፣ ኤስኤስዲ የሚሸጥ ሱቅ ታውቃላችሁ? ሁለት ሰው ጠይቆኝ መልስ አልሰጠሁም፣ ከሥር ጻፉልኝ።