አያቴ «እሱስ አድሮ የለ» ስትል ምን ማለቷ ነው?

የቀሃ ልጅ፦
ሰላም ናችሁ። የገና ማታ ጎንደር አያቴ ቤት ነበርን። ዶሮው ተበልቶ፣ ቡናው በረካ ደርሶ፣ ከደባርቅ የመጣው እንግዳችን ልሂድ ብሎ ጋቢውን አነሳ። አያቴ ከረከቦቱ ቀና ሳትል «ተው ልጄ፣ በዚህ ብርድ አይኬድም። እሱስ አድሮ የለ» አለችው። በአገጯ ግድግዳው ላይ ወዳለው የልደት ሥዕል እየጠቆመች። ያኔ ሁሉም ሳቀ፣ እኔ ግን እስካሁን እያሰብኩት ነው። አድሮ የለ ያለችው የበረቱን ሌሊት ነው ወይስ ዮሐንስ 1፥14 ላይ «በእኛ አደረ» የሚለውን? ደግሞስ 33 ዓመት ሰው መሀል የቆየ «አደረ» ይባላል? ለምን «ኖረ» አላለም?

ቅኔ ቤት የሸሸ፦
ግእዙን ተመልከት እንጂ። «ወውእቱ ቃል ሥጋ ኮነ ወኀደረ ላዕሌነ»፤ ቃል ሥጋ ሆነ፣ በእኛም አደረ ነው። ኀደረ ማለት የሌሊት ማደር ብቻ አይደለም፤ መኖርም መቀመጥም ነው። የመጽሐፉ ቤት «ማኅደር» የተባለው ከዚሁ ነው። ዳዊት የደገመ ሁሉ መዝሙር 90ን ያውቃል፦ «ዘየኀድር በረድኤተ ልዑል»። በጠዋት ሹልክ የሚል እንግዳ ነው እንዴ?

ከአዘዞ፦
እዚያው መዝሙር ላይ አማርኛው የሚለውን አይተሃል? «በልዑል መጠጊያ የሚኖር» ብሎ ይጀምርና በጥላው ውስጥ «ያድራል» ብሎ ይጨርሳል። ግእዙ መጀመሪያ ላይ «የኀድር» ያለውን አማርኛው «የሚኖር» አለው፤ ማደርን ወደ ኋላ አመጣት። ስለዚህ ሁለቱን ቃላት ለይተው ያውቃሉ። ዮሐንስ ላይ «አደረ» ያሉት ወደው ነው።

የድጓ ቤት ሽማግሌ፦
ልጆች፣ ዳር ዳሩን አትዙሩ። «አደረ»ን ብቻዋን ነጥላችሁ ከያዛችሁ ኅድረት ውስጥ ትገባላችሁ። ኅድረት፣ ቃል በሰው ላይ አደረ ብቻ የሚለው፣ የንስጥሮስ ትምህርት ነው፤ በኤፌሶን ጉባኤ በ431 እ.ኤ.አ. የተወገዘው። ቃል በሥጋ ላይ እንደ እንግዳ አላደረም፤ ተዋሐደ እንጂ። ለዚህ ነው ወንጌሉ «ሥጋ ኮነ»ን ያስቀደመው።

ከአዘዞ፦
አባ፣ ታዲያ «ኀደረ»ን ለምን አስከተለው?

የድጓ ቤት ሽማግሌ፦
«ኮነ» ብቻ ቢል ተለወጠ ትላለህ። «ኀደረ» ብቻ ቢል እንግዳ ሆነ ትላለህ። አንዱ ለአንዱ ጠባቂው ነው። እኔ ይህን መጻሕፍት ቤት ቁጭ ብዬ የተማርኩት፣ ስልክ ላይ አይደለም።

ፒያሳ ቡና፦
የኔን ንድፈ ሐሳብ ስሙኝማ። «አደራ» ከአደረ ነው፤ ዕቃህን ሰው ቤት ስታሳድር። «አዳራሽ»ም ከአደረ ነው። ጎንደርም «ጎን እደሩ» ከሚለው ነው። ገናም ለዚህ ነው እኛ አገር የሚያምርበት።

ቅኔ ቤት የሸሸ፦
አንተ ደግሞ ያገኘኸውን ቃል ሁሉ ታሳድራለህ።

ሰዋስው ወዳዷ፦
የምትሸሹት «ላዕሌነ»ን ነው። ቃል በቃል ከመለስነው «አደረብን» ይሆናል። በአማርኛ የሚያድርብን ምንድን ነው? ቂም፣ ፍርሃት፣ ክፉ መንፈስ። ጌታ አደረብን የሚል ሰባኪ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አማርኛው «በእኛ» ያለው ለዚህ ይመስለኛል። «በመካከላችን» የሚሉም ትርጉሞች አሉ፤ ያ ግን «ምስሌነ»ን፣ «ከእኛ ጋር»ን ነው የሚመስለኝ። አማኑኤል፣ እግዚአብሔር ምስሌነ። «ላዕለ» እና «ምስለ» አንድ ናቸው እንዴ?

ፒያሳ ቡና፦
«መንፈስ ቅዱስ አደረበት» ይባል የለ እንዴ?

ሰዋስው ወዳዷ፦
ለአንድ ሰው ነዋ፣ ለነቢይ። ስለ ልደት ሲሆን ግን ጆሮህ ይቀበለዋል?

ከአዘዞ፦
እኔ ሌላ ነው የታየኝ። ድሮ «ለንጉሥ አደረ» ማለት ሎሌው ሆነ፣ አገለገለ ማለት ነው። ዛሬም «ለሆዱ ያደረ» እንላለን። ፊልጵስዩስ 2 ደግሞ የባሪያን መልክ ይዞ ይላል። ጌታው ሎሌ ሆነ ማለት ቢሆንስ?

የድጓ ቤት ሽማግሌ፦
«ለእኛ» አይልም፣ «በእኛ» ነው የሚል። ሐሳቡ ደግ ነው፤ ንባቡ ግን አይፈቅድልህም።

ደብተራው፦
ዘግይቼ ገባሁ። ግሪኩ «ድንኳን ተከለ» ነው የሚል። ድንኳን በግእዝ ምንድን ነው? ደብተራ! ደብተራ ኦሪት። ስለዚህ ጥቅሱ ስለ እኔ ነው።

ቅኔ ቤት የሸሸ፦
አንተ ሌላ ቦታ ነው የምታድር፣ አናወራውም።

ደብተራው፦
ቀልዱን ተወውና ይህን ስማ። ገና ካለፈ በ11ኛው ቀን ከተራ ነው። ታቦቱ ወደ ጥምቀተ ባሕር ይወርዳል፤ የሚያርፈው ድንኳን ውስጥ ነው። ሕዝቡም ነጠላውን ተከናንቦ ሣር ላይ ቁጭ ይላል። ያኔ ምን እንላለን? «ታቦቱ እዚያ ያድራል» ነው፤ «ይኖራል» የሚል ጎንደሬ የለም። ድንኳን ካለ ማደር አለ። ሕዝቡም አብሮ ያድራል።

ሰዋስው ወዳዷ፦
ይህ ጥሩ ነው። ግን በማግስቱ ታቦቱ ይመለሳል። እሱስ በማግስቱ ሄደ ልትል ነው?

ደብተራው፦
ዐረገ እኮ።

የድጓ ቤት ሽማግሌ፦
ሥጋውን ጥሎ አላረገም። ይኸው፣ ወደ ኅድረት ተመለሳችሁ!

የቀሃ ልጅ፦
ኧረ እኔ የጠየቅኩት ስለ አያቴ ነበር።

ፒያሳ ቡና፦
እንግዳውስ በመጨረሻ አደረ?

የቀሃ ልጅ፦
አደረ እንጂ። አልጋዬን ለሱ ለቅቄ መደብ ላይ ተኛሁ። እስከ ቅዳሜ ቆየ።

ሰዋስው ወዳዷ፦
«ላዕለ»ን ግን ማናችሁም አልመለሳችሁልኝም።