ጊልማን ግሪን ዴይን ማገዷ ልክ ነበር?

ባለ ቤዙ፦ በካሊፎርኒያዋ በርክሌይ፣ 924 ጊልማን ጎዳና ላይ ያለችው የፓንክ (ፈጣንና ጩኸታም ሮክ) ሙዚቃ ቤት እ.ኤ.አ. በ1986 የመጨረሻ ቀን ተከፈተች። ከትልልቅ የሙዚቃ ኩባንያዎች ጋር የፈረመ ባንድ መድረኳ ላይ አይወጣም የሚል ሕግ ነበራት። ግሪን ዴይ እዚያው ያደገ ባንድ ነው፤ በ1993 ሪፕራይዝ ከተባለው ትልቅ ኩባንያ ጋር ሲፈራረም በሩ ተዘጋበት። እኔ ዓይን ያወጣ ምቀኝነት እለዋለሁ። ሞግቱኝ።

ከበሮ መቺዋ፦ ምቀኝነት? ቆይ እስቲ። ቤቷን የሚያስተዳድሯት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ አልኮል አይሸጥባትም። አሜሪካ ውስጥ መጠጥ ለመግዛት 21 ዓመት መሙላት ግድ ነው። ብዙው የሙዚቃ ቤት የሚኖረው በመጠጥ ሽያጭ ስለሆነ ልጆቹን ከበር ይመልሳል። ጊልማን መጠጡን ትታ ልጆቹን አስገባች። የግሪን ዴይ ዘፋኝ ቢሊ ጆ አርምስትሮንግ ራሱ እዚያ መጫወት ሲጀምር ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ነበር! ኩባንያ መጥቶ ቅዳሜ ቅዳሜውን ለማስተዋወቂያ ቢይዘው፣ ለሚቀጥለው የ16 ዓመት ልጅ ምን ቀን ሊተርፈው ነው?

ባለ ቤዙ፦ ሲወራ ያምራል። በ1994 የወጣው የግሪን ዴይ አልበም «ዱኪ» አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከ10 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። ስንቱ ልጅ ፓንክ የሚባል ነገር መኖሩን ያወቀው በሱ ነው። ዘረኛ አይግባ፣ ሴት የሚያዋርድ አይግባ የሚሉትን ሕጎቿን እቀበላለሁ፤ ውል መፈረም ከነዚህ ጋር እኩል ይቆጠራል?

ዝምተኛው፦ አንድ ነገር ልጨምር። በዚያው በ1994 ዴድ ኬኔዲስ የተባለው የፓንክ ባንድ ዘፋኝ የነበረው ጄሎ ቢያፍራ ጊልማን ውስጥ «ራስህን ሸጠሃል» እየተባለ ተደብድቦ እግሩ ተጎድቷል። ሰውዬው የራሱን ነፃ የሙዚቃ ኩባንያ የሚያስተዳድር ነው! ማን ንጹሕ ነው ማን አይደለም የሚለው ጨዋታ አንዴ ከተጀመረ ማቆሚያ የለውም።

ከበሮ መቺዋ፦ የዱርዬዎችን ዱላ በሕጉ ላይ አትለጥፍ እንጂ ወንድሜ። ሕጉ የሚያወራው ስለ መድረክ ነው። ደግሞ ድንጋይ አይደለም፦ በ2015 ኦክላንድ ውስጥ በእሳት ለተጎዱት ለአሳታሚው ኤኬ ፕሬስና «1984» ለሚባለው ማተሚያ ቤት ጊልማን ውስጥ ገቢ ማሰባሰቢያ ሲዘጋጅ፣ ግሪን ዴይ ተመልሶ ተጫውቷል። ኩባንያው ያው ሪፕራይዝ ነበር።

ባለ ቤዙ፦ እኔስ ምን እያልኩ ነው! ፊርማው ያው፣ ባንዱ ያው፤ 22 ዓመት ያስጠበቃቸው ምንድን ነው ታዲያ?

ከበሮ መቺዋ፦ የገንዘቡ መድረሻ ነዋ። ያን ቀን ትርፉ ወደ ኩባንያ አልሄደም።

ዝምተኛው፦ እሺ፣ በ1993ም «የቤቷን ኪራይ ልሸፍን፣ አንድ ምሽት በነፃ ልጫወት» ብለው ቢመጡ ታስገቢያቸው ነበር?

ከበሮ መቺዋ፦ የኩባንያው ማስታወቂያ ግድግዳው ላይ ካልተሰቀለ፣ አዎ።

ባለ ቤዙ፦ በይ እንግዲህ፣ ሕጉን አሻሻልሽው!