የማጨጃዬን ማንሻ ሰንሰለት በምን ልተካው?

የሱሉልታ ድርቆሽ አምራች፦
ትናንት ትራክተሬ ላይ የተገጠመውን ሣር ማጨጃ አንስቼ ቦይ ስሻገር ማንሻ ሰንሰለቱ ተበጠሰ። የተበጠሰችው አምና ያስበየድኳት ቀለበት ናት፤ ስብራቷ እንደ ስኳር ፍርፍር ብሎ ያብረቀርቃል። ልጄ ከኋላ በእግሩ ይከተለኝ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ማጨጃው ወደ 500 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ሱቅ ያሳዩኝ ሰንሰለት እንደ ድሮው 8 ሚሊ ሜትር ነው፤ ነገር ግን ምንም ምልክት የለውም። ጥቅምት እያለቀ፣ ሣሩም እየደረቀብኝ ነው። ምን ልግዛ?

የእርሻ መሣሪያ ጠጋኝ፦
እንኳን ልጅዎን እግዚአብሔር አተረፈልዎ! ምልክት የሌለውን አይግዙ። ቀለበቱ ላይ 8 ወይም 80 የሚል የጥንካሬ ደረጃ ቁጥር (ውፍረቱን አይደለም) የታተመበትን፣ ከቅይጥ ብረት የተሠራውን ይፈልጉ። የዚህ ደረጃ 8 ሚሊ ሜትር ሰንሰለት ቀጥ ብሎ ሲያነሳ እስከ 2 ቶን፣ 10 ሚሊ ሜትሩ እስከ 3.15 ቶን ይፈቀድለታል። ትርፉ ብዙ አይምሰልዎ፤ ትራክተሩ ጉድጓድ ሲመታ ሰንሰለቱ ላይ የሚያርፈው ጫና ከማጨጃው ክብደት በብዙ ይበልጣል። ብየዳ ደግሞ ፈጽሞ አያስነኩት፤ ሙቀቱ ጥንካሬውን ያጠፋዋል። ማያያዣውም የዚያው ደረጃ ይሁን።

የደብረ ብርሃን ትራክተር ነጂ፦
ርዝመቱንም ያስቡበት። ማጨጃው መሬት ላይ ሲያርፍ ሰንሰለቱ ትንሽ መርገብ አለበት፤ ከተወጠረ ማጨጃው ጉብታውን ተከትሎ አይወጣም አይወርድም። የአሮጌውን ቀለበቶች ቆጥረው ይሂዱ።

የሱሉልታ ድርቆሽ አምራች፦
እግዜር ይስጥልኝ። አሮጌውን አሁን በካሊፐር ለካሁት፤ ቀለበቶቹ የሚነካኩበት ቦታ 6.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ቀርቶታል። ነገ ቁጥር የታተመበትን ፍለጋ መርካቶ እወርዳለሁ። ልጄም ከእንግዲህ ከማጨጃው ኋላ አይሄድም።