መሪ ውሻ ይዞ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ መግባት ይቻላል?

የሳቢያን ልጅ
ሰላም የድሬ ልጆች። የአክስቴ ልጅ ዓይነ ስውር ናት፤ የምትኖረው አሜሪካ ነው። ለጥናቷ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ልትመጣ አስባለች፣ ከመሪ ውሻዋ ጋር። አሜሪካ በር ላይ ሕጉ የሚፈቅደው ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው፦ ውሻው የሚያስፈልግሽ በጉዳትሽ ምክንያት ነው? ምን እንዲሠራ ሠልጥኗል? ወረቀት አምጪ አይሏትም። እዚህ ግን ውሻ ሲታይ ድንጋይ ነው የሚነሣው። ከበር እንዳትመለስ ምን ላድርግ? ዶርም የሚጋሯት ልጆችስ ምን ይሉ ይሆን? ጨንቆኛል።

ከዚራ
አገራችን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። በግል ስለ መንቀሳቀስ የሚናገረውን አንቀጽ 20ን ጠቅሰሽ ለተማሪዎች ዲን ቀድመሽ ጻፊ። የፈቃዱ ቅጂ በእጇ ይሁን። ጥበቃ በፈረቃ ነው፤ የጠዋቱ ቢያውቃት የማታው አያውቃትም። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ካርዱም አይረሳ።

መጋላ
አቦ እህቴ፣ እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ዶርም ከእሷ ጋር ቢደርሰኝ ደስ ይለኛል። እውነቱን ልንገርሽ ግን። እኔ በምከተለው የእስልምና ሕግ መንገድ፣ በሻፊዒ መዝሀብ፣ የውሻ ምራቅ ነጃሳ (ርኩስ) ነው። የነካው ነገር ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱ በአፈር። ስለዚህ መስገጃዬን ሲያሸተው ዝም ብዬ አላይም። ይህ እሷን መጥላት አይደለም። ለአደንና ለከብት ጥበቃ ውሻ መያዝ እኮ ተፈቅዷል፤ ዓይነ ስውር የሚመራማ እንዴት ይከለከላል? የታችኛው አልጋ ለእሷ ይሰጥ። ውሻው በእሷ በኩል፣ ግድግዳው ሥር ይተኛ። እኛ መስገጃና ልብሳችንን ከፍ አድርገን እንሰቅላለን። ብቻ ልጆቹን ከመምጣቷ በፊት አነጋግሪያቸው። ሰው የሚከፋው ድንገት ሲሆንበት ነው።

ደቻቱ ማዶ
የድሬን ፀሐይ ማንም አላነሣም! እኩለ ቀን ላይ የእጅሽን ጀርባ አስፋልት ላይ አሳርፊ። ሰባት ሰከንድ ካልቻልሽ የውሻውም መዳፍ አይችልም። የውሻ ጫማ ከዚያው ይዛ ትምጣ፣ ውኃም አይለያት። ለተማሪውም ይነገር፦ እጀታ ያለው መታጠቂያ ካደረገ ሥራ ላይ ነው፤ አይደባበስም፣ ፍርፋሪ አይወረወርለትም። ሐሳቡ ከተሰረቀ የምትወድቀው እሷ ናት። ሐረር ከሄደች ደግሞ ከመሸ ውሻውን ይዛ እንዳትወጣ። ጅቡ ለቱሪስት የሚታየው ብቻ አይደለም፤ ውሻ ይበላል።

የሳቢያን ልጅ
ተባረኩ! ደብዳቤውን ዛሬ ማታ እጽፋለሁ። መጋላ፣ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፤ ከእሷ ጋር በስልክ ላገናኛችሁ። ድሬ ውስጥ ውሻ የሚያክም ጥሩ የእንስሳት ሐኪም የሚያውቅስ አለ?