ሞተርና ካምቢዮ መሃል ዘይት ያንጠባጥባል፤ ካምቢዮው ሳይወርድ እንዴት ልለየው?

ሰላም ወንድሞች፣ የባለሙያ ምክር ፈልጌ ነው። መኪናዋ 5ኤል የናፍጣ ሞተር ያላት ሚኒባስ ናት፤ ቤተሰቤ የሚበላው ከሷ ነው። ቆማ ስታድር ሞተሩና ካምቢዮው ከሚገጥሙበት ስር ዘይት ይንጠባጠባል። ካርቶን አንጥፌ አየሁት፤ ጥቁርና ቀጭን ነው። የካምቢዮ ቢሆን ወፈር ብሎ ዲን ዲን ይሸት ነበር። የሞተሩም ዘይት እየጎደለ ስለሆነ የሞተር መሆኑን አልጠራጠርም።

ያስጨነቀኝ መነሻው ነው። መካኒኩ ሳያጥብ፣ ከላይ ሳያይ "የኋላው የኮሎ ፓራዮሊ ነው፣ ካምቢዮ ይውረድ" አለ፤ በሞተሩ ዋና ዘንግ (ኮሎ) የኋላ ጫፍ ዘይት የሚያግደውን ጎማ ማለቱ ነው። ሊሆን ይችላል። ግን ከላይ ያለው የቫልቭ ክዳን ጉርኒሲዮን (ማሸጊያ) ቢያፈስም ዘይቱ በሞተሩ ጀርባ ወርዶ የሚንጠባጠበው እዚያው ነው፤ የክዳኑ የኋላ ጥግ ደግሞ እርጥብ ነው። የሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ ተደፍኖ ከሆነስ? ያኔ ግፊቱ አዲሱንም ፓራዮሊ አልፎ ዘይት ያስወጣል።

በሞተሩና በካምቢዮው መሃል ያለው ፍሪሲዮን ዳገት ላይ እስካሁን አይንሸራተትም፤ ዘይት ሳይነካው መድረስ እፈልጋለሁ። ካምቢዮ ማውረድ ማለት ደግሞ ሥራ መቆም ነው።

እባካችሁ ይህን ሞተር የፈታችሁ፣ አጥቤና አድርቄ ካስነሳሁ በኋላ የት የት ልመልከት? የግድ ከወረደስ ከፓራዮሊው ጋር ምን አብሮ ይቀየር?