የጥለቱ ቀይ ክር ሳይጠፋ የፎቶን ክብደት እንዴት ልቀንስ?

የሸማኔ ልጅ (ደብረ ማርቆስ)

ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ሸማኔ ናቸው፤ ጋቢ፣ ኩታና ነጠላ ይሠራሉ። ሥራቸውን ለደንበኛ የማሳይበት አነስተኛ ድረ ገጽ ከፍቼላቸዋለሁ። ሃያ ፎቶ አለው፤ ሁሉንም በስልኬ አንሥቼ እንዳሉ ጫንኳቸው። እያንዳንዱ 4 ሜጋባይት ገደማ ስለሆነ ገጹ በድምሩ 80 ሜጋባይት ይሆናል። ሞጣ ያለች ደንበኛችን ለልጇ ሠርግ ነጠላ ልትመርጥ ከፍታው፣ ፎቶዎቹን አይታ ሳትጨርስ የገዛችው የኢንተርኔት ጥቅል አለቀባት። ደውላ ስትነግረኝ በጣም አዘንኩ።

በዚያው ቀን ፎቶዎቹን በአንድ የስልክ መተግበሪያ ጨምቄ 60 ኪሎባይት አደረስኳቸው። ገጹ ፈጠነ። ማታ ለአባቴ ሳሳያቸው ግን ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ብዙ ዝም አሉና «ይህ የእኔ ጥለት አይደለም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ጥለታቸው ጠርዝ ላይ ሁለት ቀጫጭን ቀይ መስመሮች አሉ፤ በመካከላቸው ጥቂት ነጭ ክር ይተዋሉ። ሥራቸው የሚለየው በዚያች ክፍተት ነው። ፎቶው ላይ ሁለቱ ቀዮች ተቀላቅለው አንድ የደበዘዘ ሮዝ ጭረት ሆነዋል።

ገጹ መቅለል አለበት፤ ጥለቱም መታየት አለበት። መንገዱን የምታውቁ አስረዱኝ።

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

እህቴ፣ መጀመሪያ ስፋቱን ተመልከቺ። የስልክሽ ፎቶ 4000 በ3000 ከሆነ 12 ሚሊዮን ነጥብ (ምስሉ የተሠራባቸው ጥቃቅን የቀለም ነጠብጣቦች፣ ፒክስል) አለው። ወደ 1200 በ900 ብታወርጂው 1,080,000 ይቀራል፤ ከአሥራ አንድ እጅ አንዱ መሆኑ ነው። በስልክ ለሚያይ ሰው ይበቃል። በገጹ ኮድ ላይ ስፋቱን 400 ብለሽ መጻፍሽ ብቻውን አያቀልልሽም፤ 4 ሜጋባይቱ ሙሉ በሙሉ ከወረደ በኋላ ነው አንሶ የሚታየው። ከዚያ ሁሉንም ወደ ዌብፒ ቀይሪ። ጉግል በ2010 ያወጣው የምስል ዓይነት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በተቀራራቢ ጥራት ከጄፔግ፣ ማለትም ከተለመደው የፎቶ ፋይል ዓይነት፣ ያነሰ ቦታ ይይዛል።

የኅትመት ሠራተኛ (እንጅባራ)

ወንድሜ ስለ ስፋቱ ያለው ትክክል ነው። በዌብፒው ግን ለዚህ ጥለት አልስማማም።

ጄፔግ ብርሃንንና ቀለምን ለይቶ ያስቀምጣል። ዓይናችን ከቀለም ይልቅ የብርሃንን ልዩነት አጥርቶ ስለሚያይ፣ ብዙ ፕሮግራሞች ብርሃኑን በየነጥቡ ይይዙና ቀለሙን ለአራት ነጥብ አንድ አድርገው ይመዘግባሉ። ይህ 4:2:0 ይባላል። የጮቄን ተራራ ወይም የሰው ፊት ብታነሺ ልዩነቱን የሚያይ ጥቂት ነው። እንደ ክር የቀጠነ ቀይ ነጭ ላይ ሲያርፍ ግን ቀይነቱ ወደ ጎረቤቱ ይፈስሳል። አባትሽ ያዩት ይህንን ነው፤ ዓይናቸው ይባረክ። ጥራቱን ብታሳድጊም ይህ ካልተቀየረ አይድንም። ዌብፒ ዝርዝር እየጣለ ሲጨምቅ ደግሞ ሁልጊዜ በ4:2:0 ነው፤ ሌላ ምርጫ የለውም።

ስለዚህ ጄፔግ ላይ ቆዪ። ጂምፕ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ኮምፒውተርሽ ላይ ጫኚ። ፎቶውን በጄፔግ ስታወጪ ከተጨማሪ ምርጫዎቹ ውስጥ 4:4:4 የሚለውን ምረጪ፤ ይህ ቀለሙንም በየነጥቡ ይይዛል፤ ጥራቱን 80 አድርጊው። ፋይሉ ትንሽ ይከብዳል፤ ይክበድ። ሥራውንም ከዋናዎቹ ፎቶዎች ጀምሪ። 60 ኪሎባይት ከሆኑት ላይ የጠፋው አይመለስም።

ጋቢውን ሣር ላይ ዘርግተሽ የምታነሺ ከሆነም ተዪው። እያንዳንዱ የሣር ቅጠል ቦታ ይወስዳል። ወጥ ቀለም ባለው ግድግዳ ላይ ስቀዪው።

ዳንግላ

አንድ ነገር ልጨምር። ስልክሽ ቦታ እንዲመዘግብ ከተፈቀደለት፣ የቤታችሁ መገኛ በፎቶው ፋይል ውስጥ ተቀምጦ ይሆናል። ጂምፕ ላይ ስታወጪ ኤግዚፍ (ከፎቶው ጋር የሚቀመጥ ተጨማሪ መረጃ) የሚለውን ምልክት አንሺው።

የሸማኔ ልጅ (ደብረ ማርቆስ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅዳሜና እሑድ ስሠራበት ቆየሁ። በ1200 ስፋት፣ በ4:4:4፣ በ80 ጥራት አንዱ ፎቶ በአማካይ 280 ኪሎባይት ሆነ። ሃያው አንድ ላይ 6 ሜጋባይት አይሞሉም፤ ያውም አንባቢው ወደ እነርሱ ሲወርድ ብቻ እንዲጫኑ አድርጌአለሁ። ቀዩ ቀይ ሆኖ ተመለሰ።

ክፍተቷ ግን በዚህም አልታየችም። ሙሉ ነጠላ 1200 ነጥብ ውስጥ ሲገባ ለእነዚያ ነጭ ክሮች የሚተርፍ ነጥብ የለም። ስለዚህ ከዋናው ፎቶ ላይ ጥለቱን ብቻ፣ 900 በ600፣ ሳላሳንስ ቆርጬ ለብቻው አስቀመጥኩት። ደንበኛ ፎቶውን ሲነካው ይከፈታል፤ ያልነካው አያወርደውም።

ማታ አባቴ አዩት። በጣታቸው ስክሪኑን ነክተው ክፍተቷን አሳዩኝና «ይኸው» አሉ። ከዚያ ሦስቱ ፎቶዎች ላይ ጥላ እንደ ወደቀ ነገሩኝ፤ ነገ ጠዋት ፀሐዩ ሳይበረታ ደግሜ አነሣቸዋለሁ።