ከጎንደር መጥቶ ኮሙኒኬሽን ለሚማር፦ የቱ ዲግሪ፣ የትኛው ወረቀት?

ወለተ ማርያም፦ ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካል ምህንድስና 2ኛ ዓመቱን ጨርሷል። ወደ አሜሪካ መጥቶ በኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂ እንዲቀጥል አስበናል። በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (የ2 ዓመት ኮሌጅ) ቢጀምር ወጪው ይቀላል ይሉናል። የተማረው ይያዝለታል ወይ? ከአሁኑስ ምን ያዘጋጅ?

የአዘዞ ልጅ፦ እህቴ፣ ኮሚዩኒቲ ኮሌጁ ጥሩ ነው፤ ከመመዝገቡ በፊት ግን የዲግሪውን ዓይነት እዩ። ኤኤስ (AS) የሚባለው የ2 ዓመት ዲግሪ ወደ 4 ዓመት ዩኒቨርሲቲ ለመዛወር የተዘጋጀ ስለሆነ ካልኩለስና ፊዚክስ ይበዛዋል። ኤኤኤስ (AAS) የሚባለው ቶሎ ሥራ ለመያዝ ነው፤ ኬብል መዘርጋት፣ ፋይበር ስፕላይስ ማድረግ (የብርሃን ገመድ መቀጠል)፣ ራውተርና ስዊች ማዋቀር ያስተምራል። እንጀራ የሚያበላ ሙያ ነው፤ ኋላ ልዛወር ሲል ግን ብዙው ክሬዲት ይወድቅበታል። ስለዚህ የሚዛወርበትን ዩኒቨርሲቲ ቀድሞ ይምረጥ፤ የትኛው ኮርስ በየትኛው እንደሚተካም በጽሑፍ ይቀበል።

ዩኒቨርሲቲው ላይ ደግሞ ኤቤት (ABET፣ የምህንድስና ፕሮግራሞችን የሚመዝነው የአሜሪካ ተቋም) ዕውቅና የሰጠው በኢንጂነሪንግ ነው ወይስ በኢንጂነሪንግ ቴክኖሎጂ የሚለውን አጣሩ። ሁለተኛው ልምምድ ይበዛዋል፤ የመሐንዲስነት ፈቃድ ለማውጣት ግን አንዳንድ ግዛቶች ተጨማሪ የሥራ ዓመታት ይጠይቁበታል፣ አንዳንዶቹም ጭራሽ አይቀበሉትም። በተማሪ ቪዛ ከመጣ በሴሚስተር ቢያንስ 12 ክሬዲት መውሰድ ግዴታው ነው፤ በጀታችሁን በዚያ ያዙ።

ማራኪ፦ ወረቀቱን በተመለከተ፣ ትራንስክሪፕት ብቻውን አይበቃም። ክሬዲት የሚያስይዘው የኮርሱ ዝርዝር ይዘት ነው። ገና ጎንደር ሳለ ከትምህርት ክፍሉ በማኅተም ያስወጣው፦ ርዕሶቹ፣ የሳምንቱ ሰዓት፣ የላብራቶሪው ሰዓት፣ የመማሪያ መጽሐፉ። የላብ ሰዓቱ ካልተጻፈ የሰርኪት ኮርሱ ያለ ላብ ይቆጠርና እንደገና ያስወስዱታል። ከመጣ በኋላ በዘመድ አስልኮ ማስወጣት አድካሚ ነው፤ እባካችሁ ይህን አትናቁት።

ዘመኑንም አስተውሉ። ትራንስክሪፕቱ «2016» ብቻ ካለ ገምጋሚው የፈረንጅ ይመስለዋል፤ ልጁ ገና በሕፃንነቱ ዩኒቨርሲቲ የገባ ሊመስል ነው። 2023/24 ተብሎ እንዲጻፍ ሬጅስትራሩን ይጠይቅ። ክሬዲቱ በኢሲቲኤስ (ECTS፣ የአውሮፓ የክሬዲት አቆጣጠር) ከሆነ ደግሞ በአብዛኛው 2ቱ ለ1 የአሜሪካ ክሬዲት ስለሚቆጠር፣ ቁጥሩ በግማሽ ሲወርድ አትደንግጡ። የስሙ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ከፓስፖርቱ ጋር በፊደል ይመሳሰል።

ሲግናል፦ እኔ የትምህርቱን ልበል። በዚህ ዘርፍ ተማሪ ከሚወድቅባቸው አንዱ ዴሲቤል (የሲግናል ኃይል በሎጋሪዝም የሚለካበት) ነው። ሁለት እኩል የ20 ዲቢኤም (dBm፣ ከ1 ሚሊዋት አንጻር የተለካ ኃይል) ሲግናሎች ኃይላቸው ሲደመር 23 ዲቢኤም እንጂ 40 አይሆንም፤ እያንዳንዱ 100 ሚሊዋት ነው፣ ድምሩ 200፣ እጥፍ ማለት ደግሞ 3 ዴሲቤል መጨመር ነው። ይህ ካልገባው የሊንክ በጀት (ከማሰራጫ እስከ ተቀባይ ሲግናሉ የሚያገኘውና የሚያጣው ኃይል ስሌት) ሁሉ ይበላሽበታል።

እዚያው ሆኖ ይለማመድ። ከጎንደሩ ጎሃ ኮረብታ አናት ወደ አዘዞ አቅጣጫ የ12 ኪሎ ሜትር ሊንክ (የሬዲዮ ግንኙነት) በ5.8 ጊጋኸርዝ አለ ብሎ ይነሣ። በአየር ላይ የሚጠፋው 129 ዴሲቤል ያህል ነው። ማሰራጫው 20 ዲቢኤም፣ ሁለቱ አንቴናዎች እያንዳንዳቸው 23 ዲቢአይ (dBi፣ አንቴናው ሲግናሉን ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያጠናክርበት መጠን) ከሆኑ፣ የሚደርሰው 20+23+23-129፣ ማለትም -63 ዲቢኤም ነው። ተቀባዩ ቢያንስ -75 ዲቢኤም የሚፈልግ ከሆነ 12 ዴሲቤል ይተርፋል። ዓይን ለዓይን መተያየት ግን አይበቃም፤ መሐል ላይ የፍሬኔል ዞኑ (በመስመሩ ዙሪያ ሲግናሉ የሚያልፍበት ክልል) ራዲየስ 12.5 ሜትር ስለሆነ፣ ከመስመሩ በታች ቢያንስ 60 በመቶው፣ 7.5 ሜትር ገደማ፣ ከዛፍና ከጣሪያ ነፃ መሆን አለበት። በወረቀት ሠርቶ ያመጣው ሊንክ መሬት ላይ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ነው።

ወለተ ማርያም፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኔት ሲቆራረጥበት በምን ይለማመድ?

ሲግናል፦ ኦክቴቭ (Octave) በሚባል የሒሳብ ስሌት ፕሮግራም። ነፃ ነው፣ ያለ ኔት ይሠራል፣ አጻጻፉም ማትላብ (MATLAB) ከሚባለው ተመሳሳይ ፕሮግራም ጋር ይቀራረባል። በፍላሽ ላኪለት፤ የሲግናል ፓኬጁ ለብቻው ስለሆነ እሱንም አብረሽ ጫኚው።